ያውቁ ኖሯል? ልደት የሚከበርለት መጽሐፍ

ሕንዳውያን ለወንዝ በዓል አላቸው፤ ለላምም አላቸው፤ ለእባብም ሳይቀር አላቸው። ለመጽሐፍ ቢኖራቸው ታዲያ ምን ይገርማል? በዓሉ ጊታ ጃያንቲ ይባላል፤ ባለልደቱም ባጋቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ስለ በዓሉና ስለ መጽሐፉ የለቃቀምነውን እነሆ። ዘመናቱ፣ ዓ.ም. ብለን ካልለየናቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

◆ በዓሉ ቋሚ ቀን እንደሌለው ያውቁ ኖሯል? የሚውለው ማርጋሺርሻ በሚባለው ወር፣ ጨረቃ በተወለደች በ11ኛው ቀን ነው። በእኛ ሲቆጠር ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ያርፋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ 2፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ኅዳር 22 ቀን ተከብሯል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓሉ ከዓመት ዓመት እየቀደመ ይመጣል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ሂንዱዎች በዘመን መቁጠሪያቸው ላይ አንድ ሙሉ ወር ይጨምሩና ወደ ቦታው ይመልሱታል።

◆ የሚታሰበው መጽሐፉ የተጻፈበት ቀን አይደለም፤ የተነገረበት ነው። በአማኞቹ ቆጠራ ይህ ከሆነ ከ5,100 ዓመት በላይ አልፎታል። አብዛኞቹ የታሪክና የቋንቋ ሊቃውንት ግን የጽሑፉን ዕድሜ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ያወርዱታል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው ሁለተኛው መቶ ዓመትና ከልደት በኋላ ባለው ሁለተኛው መቶ ዓመት መካከል ያስቀምጡታል። የ3,000 ዓመት ልዩነት ነው። በዓሉን የሚያከብረው ሰው ግን በዚህ ሲጨነቅ አይታይም።

◆ ጊታ የተወለደው በቤተ መቅደስ ሳይሆን በጦር ሜዳ ነው። የአጎት ልጆች የሆኑት ፓንዳቫዎችና ካውራቫዎች በዙፋን ተጣልተው በኩሩክሼትራ ሜዳ ተፋጠዋል፤ ዛጎሉ ተነፍቷል፤ ቀስቱ ተደግኗል። ከፓንዳቫዎቹ ወገን እንደ እሱ ያለ ቀስተኛ የለም ተብሎ የሚፈራው አርጁና ሠረገላው በሁለቱ ጦሮች መካከል እንዲቆምለት ያዛል። ቀና ብሎ ሲያይ ከፊቱ የተሰለፉት አያቱ፣ መምህሩ፣ አጎቶቹ፣ አብሮ አደጎቹ ናቸው። እጁ ይዝላል፤ ቀስቱን ጥሎ ይቀመጣል። ዘመዶቼን ገድዬ የማገኘው መንግሥት ምን ያደርግልኛል ይላል። መጽሐፉ ከዚህ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው፤ ሠረገላ ነጂው ክሪሽና ይመልሳል፣ አርጁና ይጠይቃል፣ ክሪሽና ደግሞ ይመልሳል። ስለ ግዴታ፣ ስለ ነፍስ አለመሞት፣ ፍሬውን ሳይመኙ ስለ መሥራት፣ ስለ አምልኮ። መጨረሻ ላይ አርጁና ቀስቱን ያነሣል።

◆ ሠረገላ ነጂው በዚያ ጦርነት አንድም ቀስት እንዳልወረወረ ያውቁ ኖሯል? ክሪሽና ከጦርነቱ በፊት ሁለቱንም ወገኖች አማርጧቸው ነበር። አንዱ ታላቁን ጦሩን ይውሰድ፤ ሌላው መሣሪያ የማይጨብጠውን እሱን ራሱን ይውሰድ። የካውራቫዎቹ አለቃ ዱርዮዳና ጦሩን አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። አርጁና ሰውየውን መረጠ። የተሸነፈው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

◆ ጊታን የምናነበው በዜና አቅራቢ አፍ ነው። ዓይነ ስውሩ ንጉሥ ድሪታራሽትራ ቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ የልጆቹን ጦርነት ይጠይቃል፤ የሩቁን የሚያይበት ልዩ ጸጋ የተሰጠው አማካሪው ሳንጃያ የሆነውንና የተባለውን ሁሉ ይነግረዋል። ንጉሡ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ስንኝ። ከ700ዎቹ ስንኞች ከ570 በላይ የሚሆኑት የክሪሽና ቃል ናቸው።

◆ 18 ቁጥር እየተከተለ ይመጣል። ጊታ 18 ምዕራፍ አለው። የታቀፈበት ታላቁ የጀግንነት ግጥም፣ ማሃባራታ፣ 18 መጻሕፍት አሉት። ጦርነቱ 18 ቀን ፈጀ፤ የተሰለፉትም 18 ክፍለ ጦሮች ናቸው። ማሃባራታ በባህል ቆጠራ 100 ሺህ ስንኝ ስለሚባል ጊታ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ዛሬ ግን የሙሉውን ግጥም ስም የማያውቅ ሰው የቁራሹን ስም ያውቃል።

◆ ከዚህ ሁሉ የምንወደው ይህ ነው፤ አርጁና የተነገረውን ረስቶታል! በማሃባራታ 14ኛ መጽሐፍ፣ ጦርነቱ አልፎ ሰላም ከሆነ በኋላ፣ አርጁና ክሪሽናን ያን ጊዜ የነገርከኝ ጠፍቶብኛልና ድገምልኝ ይለዋል። ክሪሽና ይቆጣል፤ ያንን ቃል በነበረበት ሁኔታ መድገም አይቻለኝም ይልና ሌላ ትምህርት ይነግረዋል። ይህ ሁለተኛው ትምህርት አኑጊታ ይባላል። ልደት የሚያከብርለት አላገኘም።

◆ ኩሩክሼትራ የተረት አገር ብቻ አይደለም፤ ከዴልሂ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሃርያና ግዛት የሚገኝ ከተማ ነው። ጆቲሳር በተባለው ስፍራ ጊታ የተነገረው በዚህ ሥር ነው የሚባል ትልቅ የባንያን ዛፍ ቆሟል፤ ከሾላና ከዋርካ ጋር አንድ ወገን ነውና ኢትዮጵያዊ ቢያየው አይቸገርም። ምዕመናኑ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ። አካባቢው ጦር ስቦ አያልቅበትም፤ የሕንድን ዕጣ የወሰኑት የ1526፣ የ1556 እና የ1761 ሦስቱ የፓኒፓት ጦርነቶች የተካሄዱት ከዚያው በስተደቡብ በመኪና ከአንድ ሁለት ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው።

◆ በዓሉ ዛሬ የመንግሥትም ድግስ ነው። የሃርያና መንግሥት ከ2016 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ብሎ በሰየመው ዝግጅት፣ ብራህማ ሳሮቫር በተባለው ሰፊ የተቀደሰ ኩሬ ዙሪያ የዕደ ጥበብ ገበያ ይዘረጋል፤ ማታ ማታ በውኃው ላይ የዘይት መብራት ይንሳፈፋል፤ ተማሪዎች በሺህ ተሰልፈው ስንኞቹን በቃላቸው ይወጣሉ። ዝግጅቱ በ2019 ባሕር ተሻግሮ በሞሪሸስና በለንደን ተካሂዷል። የቤተ መቅደሱ አከባበር ግን ቀላል ነው። ሰው ተሰብስቦ 700ውን ስንኝ ከዳር እስከ ዳር በዜማ ይላል። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

◆ በዚያው ቀን ጾም አለ፤ እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ጾመኛ ግራ ይጋባል። እኛ ስንጾም ወተትና ቅቤ እንተውና ወደ ሽሮውና ወደ ምስሩ እንዞራለን። እነሱ በዚህ ቀን የሚተዉት እህልንና ጥራጥሬን ነው! እንጀራውም፣ ሩዙም፣ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ አተሩም ክልክል ነው። ወተቱ፣ እርጎው፣ የተነጠረ ቅቤው፣ ፍራፍሬውና ድንቹ ይፈቀዳል። የጾም በያይነቱ የበላ ሰው ጾሙን ገደፈ ማለት ነው። አጥብቀው የሚይዙት ደግሞ ውኃም አይቀምሱም። ጾሙ የሚፈታው በማግስቱ ጠዋት ነው።

◆ የጾሙ ስም ሞክሻዳ ኤካዳሺ ነው፤ ነፍስን ነጻ ያወጣል ተብሎ ይታመናል። ታሪኩ ቫይካናሳ ስለተባለ ንጉሥ ነው። ሌሊት በሕልሙ የሞተ አባቱን በሲኦል ሲሠቃይ ያየዋል። ጠቢብ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ይህን ቀን ጹምና ዋጋውን ለአባትህ ስጥ ይለዋል። ጾመ፤ ሰጠ፤ አባቱ ወጣ። ለሞተ ዘመድ በጾም መድረስ የሚለው ሐሳብ ለእኛም አንባቢ ሩቅ አይሆንበትም።

◆ ከጊታ ታላላቅ ማብራሪያዎች አንዱን የጻፈው የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ነው። ጅናኔሽዋር ይባላል፤ ዘመኑ 1290 ነው። ጊታ በሳንስክሪት ስለነበር ተራው ሕዝብ አይሰማውም ነበር። ልጁ በሕዝቡ ቋንቋ በማራቲኛ 9,000 ያህል ስንኝ ደርድሮ አስረዳው። ወላጆቹ ከማኅበረሰቡ የተገለሉ ነበሩ። ጅናኔሽዋር በ21 ዓመቱ ገደማ ዓለምን ተሰናበተ፤ መጽሐፉን የማሃራሽትራ ሰው እስከ ዛሬ ያነበዋል።

◆ ከዚያ በፊትም በኋላም መተርጉማኑ አልተስማሙም። በስምንተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሻንካራ ጊታ የሚያስተምረው የነፍስንና የአምላክን ፍጹም አንድነት ነው አለ። ራማኑጃ አንድነቱ ልዩነትን ያቀፈ ነው አለ። ማድቫ ደግሞ ጭራሽ ሁለት ናቸው አለ። አንድ መጽሐፍ፣ 700 ስንኝ፣ ሦስት ትምህርት ቤት። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ አንባቢ ፈገግ ይላል።

◆ ጊታን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያሳተመው ማን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ነጋዴ ኩባንያ! በ1785 ቻርልስ ዊልኪንስ የተባለ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ ተረጎመው፤ ለንደን ላይ ታተመ። መቅድሙን የጻፈው አገር ገዢው ዋረን ሄስቲንግስ ነው። ሄስቲንግስ በዚያ መቅድም እንዲህ ያሉ ጽሑፎች የእንግሊዝ አገዛዝ ከሕንድ ከተነቀለ በኋላም ይኖራሉ ሲል ተንብዮ ነበር። አገዛዙ በ1947 ተነቀለ። በ1823 አውጉስት ሽሌገል ቦን ላይ ወደ ላቲን መለሰው፤ የቋንቋ ሊቁ ሁምቦልት በርሊን ላይ አድንቆ ተናገረለት፤ ፈላስፋው ሄግል በ1827 ሰፊ ትችት ጻፈበት።

◆ ጋንዲ ጊታን መጀመሪያ ያነበበው ለንደን ላይ፣ በእንግሊዝኛ ነው። የሕግ ተማሪ ሳለ ሁለት እንግሊዛውያን አብረን እናንብብ ቢሉት በሳንስክሪትም ሆነ በአገሩ በጉጅራቲ አንብቦት እንደማያውቅ ሲገባው አፈረ። ያነበቡት ኤድዊን አርኖልድ በ1885 ያሳተመውን ትርጉም ነው። ቆይቶ ራሱ ወደ ጉጅራቲ ተረጎመው፤ ትርጉሙ የታተመው በ1930፣ ወደ ባሕር ጨው ፍለጋ በዘመተበት ዓመት ነው።

◆ በጦር ሜዳ የተነገረው መጽሐፍ በወህኒ ቤት ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። የነጻነት ታጋዩ ባል ጋንጋዳር ቲላክ በ1908 ለስድስት ዓመት ተፈርዶበት በርማ ውስጥ ማንዳላይ ታሰረ። እዚያም ጊታ ራህስያ የተባለውን ግዙፍ ማብራሪያውን በእርሳስ ጻፈ። ጊታ ከዓለም መሸሽን ሳይሆን ሥራን ያስተምራል ሲል ተከራከረ፤ መጽሐፉ በ1915 ወጣ። በ1932 ደግሞ የጋንዲ ደቀ መዝሙር ቪኖባ ባቬ ዱሌ ወህኒ ቤት ውስጥ በየእሑዱ ለእስረኞች ስለ ጊታ ተናገረ፤ 18 እሑድ፣ 18 ምዕራፍ። አብሮት የታሰረው ሳኔ ጉሩጂ ቃል በቃል ጻፈው። ያ ማስታወሻ ዛሬ በብዙ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ነው።

◆ አሁን ደግሞ የሚከብደው። ጋንዲ የኩሩክሼትራ ጦርነት በሰው ልብ ውስጥ የሚካሄድ ነው፣ ጊታም ሰላምን ያስተምራል ብሎ አመነ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 በጥይት የገደለው ናቱራም ጎድሴም የዚያው መጽሐፍ አንባቢ ነበር። ጎድሴ ኖቬምበር 15 ቀን 1949 አምባላ ወህኒ ቤት ወደ መሰቀያው ሲሄድ በእጁ ጊታ ይዞ ነበር። አምባላ ከኩሩክሼትራ ብዙም አይርቅም። ገዳይና ሟች አንድ መጽሐፍ ሲያነቡ ጥፋቱን ለመጽሐፉ መስጠት ይቀልላል፤ እኛ ግን ያንን አንልም። አርጁና ያነሣው ጥያቄ፣ መግደል መቼ ይፈቀዳል የሚለው፣ በዚያች ቀንም መልስ አግኝቶ አልተዘጋም።

◆ ሁሉም ሕንዳዊ ልደቱን አያከብርም። የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበርና «የማይነኩ» ከሚባሉት የተወለደው አምቤድካር፣ ጊታ በቡድሂዝም የተናጋውን የዘር ደረጃ ሥርዓት ለማጽናት የተጻፈ መከራከሪያ ነው ብሎ በጽሑፍ ሞግቷል። የሚገርመው፣ እሱ በመራው ኮሚቴ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት በእጅ ሲጻፍና በሥዕል ሲያጌጥ በአራተኛው ክፍል መግቢያ ላይ የተሣለው ክሪሽና አርጁናን ሲመክር ነው። ሥዕሎቹ የናንዳላል ቦስና የተማሪዎቹ ናቸው።

◆ የአቶም ቦምብ አባት የሚባለው ሮበርት ኦፐንሃይመር ሳንስክሪት የተማረው ጊታን በተጻፈበት ቋንቋ ለማንበብ ጭምር ነው፤ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ላይ ያስተማሩት አርተር ራይደር ናቸው። ጁላይ 16 ቀን 1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የመጀመሪያው ቦምብ ሲፈነዳ ከ11ኛው ምዕራፍ፣ ክሪሽና አስፈሪ መልኩን ከገለጠበት፣ አንድ ስንኝ ትዝ እንዳለው በ1965 በቴሌቪዥን ተናግሯል። አብሮት የነበረው ወንድሙ ፍራንክ የሚያስታውሰው ግን ሌላ ነው፤ በጊዜው ሠራ ከማለት ያለፈ ነገር የተባለ አይመስለውም።

◆ ጊታ ፕሬስ የተባለ ማተሚያ ቤት ከ1923 ጀምሮ ጎራክፑር ከተማ ውስጥ ሃይማኖታዊ መጻሕፍትን በርካሽ እያተመ ይሸጣል። እስከ 2023 ድረስ ጊታን ብቻ ከ160 ሚሊዮን ቅጂ በላይ አሰራጭቷል። በዚያ ዓመት የሕንድ መንግሥት የጋንዲን የሰላም ሽልማት ሲሰጠው ክብሩን ተቀብሎ 10 ሚሊዮን ሩፒውን አልቀበልም አለ።

◆ ትልቁስ? ዴልሂ በሚገኘው፣ ኢስኮን የተባለው የክሪሽና አምላኪዎች ማኅበር ቤተ መቅደስ በ2019 የተመረቀው ጊታ 800 ኪሎ ይመዝናል፤ ቁመቱ 2.8 ሜትር ነው። የታተመው ጣልያን አገር ነው። ማን አንሥቶ እንደሚያነበው አይጠይቁን።

◆ ሩሲያ ውስጥ ጊታ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ2011 በሳይቤሪያዋ ቶምስክ ዐቃቤ ሕግ የኢስኮኑ መሥራች ፕራቡፓዳ ያብራሩት ጊታ «አክራሪ ጽሑፍ» ተብሎ እንዲታገድ ጠየቀ። የሕንድ ፓርላማ በጩኸት ተናወጠ። ዲሴምበር 28 ቀን ፍርድ ቤቱ ክሱን ጣለው፤ ይግባኙም በማርች 2012 ወደቀ። በዲሴምበር 2025 ፑቲን ዴልሂ ሲገቡ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ የሰጧቸው ስጦታ ምን ይመስልዎታል? በሩሲያኛ የተተረጎመ ጊታ።

◆ የሕንድ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ምስክር እጁን ጊታ ላይ አድርጎ ሲምል ያውቃል። ሆኖም የአገሪቱ የ1969 የመሐላ ሕግ ምስክሩ በአምላክ ስም እንዲምል ወይም በክብር ቃሉን እንዲሰጥ እንጂ መጽሐፍ እንዲነካ አያዝም። በጊታ ላይ እጇን አድርጋ የማለች የአሜሪካ ሰው ግን አለች፤ በ2013 የኮንግረስ የመጀመሪያዋ ሂንዱ አባል የሆነችው ቱልሲ ጋባርድ።

◆ ከ1988 እስከ 1990 ሕንድን በየእሑዱ ቤት ያስቀመጠውን 94 ክፍል ያለው የማሃባራታ ተከታታይ ድራማ ንግግር የጻፈው ሙስሊሙ የኡርዱና የሂንዲ ደራሲ ራሂ ማሱም ራዛ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ፊሊፕ ግላስ በ1980 ሮተርዳም ላይ ያሳየው ስለ ጋንዲ የሚናገር ኦፔራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚዘፈነው ከጊታ በተወሰደ ሳንስክሪት ነው። በ2000 ዊል ስሚዝ የጎልፍ ዱላ ያዥ ሆኖ የሠራበትን ባገር ቫንስ የተባለ ፊልም አይተው ከሆነ፣ ክሪሽናንና አርጁናን በጎልፍ ሜዳ አይተዋል። ተስፋ የቆረጠው ተጫዋች ስም ጁና ነው።

◆ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ ኢንዶኔዥያ፣ ጃካርታ መካከል፣ ክሪሽና እየነዳ አርጁና ቀስት የደገነበት ባለ ስምንት ፈረስ ሠረገላ በ1987 አቁማለች። ማንም አላፈረሰውም።

◆ በኤፕሪል 2025 ዩኔስኮ ጊታን በዓለም የጽሑፍ ቅርስ መዝገቡ አስገባ። ዘግይቷል ካሉ ልክ ነዎት፤ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቅርሶች እዚያው መዝገብ የገቡት በ1997 ነው።

◆ የሚቀጥለው ጊታ ጃያንቲ ታኅሣሥ 11 ቀን 2019 ዓ.ም. ይውላል። በዱባይ፣ በአቡ ዳቢ ወይም በማናማ ከሂንዱ ጋር የሚሠሩ ወይም ጎረቤት የሆኑ አንባቢያን፣ በዚያ ቀን እንኳን አደረሳችሁ ብሎ መሄድ ደግ ነው። ምስር ወጥ ይዘው አይሂዱ እንጂ። ሙዝና እርጎ ይበቃል።